ጋሼ «አለሽ?» ሲል

ቅዳሜ ዕለት በረዶ የለበሰ ተራራ አብረን ወጣን። ሰኞ ጋሼ ሞተ። ስንቴ ባወራውም አይገባኝም።

ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ፌርፋክስ ከተማ ከእኛ በላይ ያለው አፓርትመንት ውስጥ ብቻውን ይኖር ነበር። ሃይክ፣ ተራራ ልንወጣ ስንሄድ ከፊት ሆኖ በረዶውን እየረገጠ መርገጫ ያበጅልኛል። ዞር ብሎ አያይም፤ በየመሀሉ «አለሽ?» ብቻ ይላል።

«ኧረ ጋሼ፣ የት እሄዳለሁ? ነዘነዝከኝ እኮ!»

«የት ትሄጃለሽ አላልኩም። አለሽ?»

«አለሁ!»

«እንዲያ በይ።»

ቅዳሜም እንደዚሁ እየተጨቃጨቅን ወጥተን ወረድን፤ እየሳቀብኝ ድራይቭ አድርጎ ቤት አደረሰኝ።

ሰኞ ጠዋት እናቴ ቁርስ አድርሺለት ብላ ላከችኝ። የተራራ ጫማው በሩ ሥር ነበር፤ ገና አልደረቀም። ሶ ቤት አለ ብዬ አንኳኳሁ።

«ጋሼ፣ አለህ?»

ደግሜ አንኳኳሁ። ይቀልድብኛል ብዬ እየሳቅኩ «አለህ ወይ ነው የምልህ!» ብዬ ጮኽኩ።

ሳይከፍት ሲቀር እናቴን ጠራኋት፤ በትርፍ ቁልፍ ከፈተችው። በእንቅልፉ ሄዷል፤ ልቡ ነው አሉን ሐኪሞቹ።

አሁን ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቷል። የሚገባው ሁሉ አቅፎኝ «አይዞሽ፣ አለንልሽ» ይለኛል። እሺ፣ ሁሉም አለ። «አለሽ?» ብሎ የሚጠይቀኝ ግን የለም።