ካልሲ ያጠለቁ እጆች

አክስቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የአልጋ ልብስ ሲሰፉ ጣቶቻቸው በድርቀት ተሰነጣጥቀው ነበር፤ ክሩ ስንጥቁ ውስጥ ይይዝባቸዋል። ከሰዓት በኋላ ሥራ ሲያቆሙ ቫዝሊን ተቀብተው ሁለቱም እጃቸው ላይ የጥጥ ካልሲ ያጠልቃሉ። «እጄ ጠጥቶ እስኪጠግብ ምንም አልነካም» ይሉ ነበር። ይህን ልማዳቸውን ደንበኞቻቸውም ያውቁታል፤ ስልክ ሲጠራ ጆሯቸው ላይ የምይዝላቸው እኔ ነበርኩ።

«አንቺ ዓይናፋር፣ አንድ ቀን እንኳ ራስሽ ሄሎ በያቸው እንጂ!» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

ባለፈው ሐሙስ ካልሲውን እኔው አወለቅኩላቸው። ዓርብ ጠዋት አልነቁም። አሁንም አላመንኩም።

ትናንት ስልካቸው ሲጠራ አንስቼ ወደ ወንበራቸው ሮጥኩ፤ ጆሯቸው ይሆን በነበረበት ቦታ ይዤ ቆምኩ።

«እትዬ፣ እጅዎ ጠገበ?» አለች ከቡልጋሪያ ሰፈር የምትደውል ደንበኛቸው፣ መርዶውን ሳትሰማ።

ከእኔ በቀር የሚመልስላት አልነበረም።