ሁለት ትምህርት ቤትና አንዲት ዝምተኛ ልጅ

የልጅ ልጄ አንደኛ ክፍል የምትገባበት ጊዜ ሲደርስ ከልጄ ጋር አልተስማማንም። ለቤታችን የሚቀርቡ ሁለት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አሉ። አንደኛው ወደ ፒያሳ መውጫው ላይ ያለው፣ እኔም ልጄም የተማርንበት የድንጋዩ ቤት ነው። ሌላው ከዶሮ ማነቂያ ሰፈር በታች ያለው የብሎኬቱ ነው። ግቢው ጠባብ ነው፤ ብዙ ጎረቤት ተነሥቶ ኮንዶሚኒየም ከገባ ወዲህ ተማሪውም ሳስቷል።

ልጄ የላይኛው እንደሚሆን ነገሩ ያለቀ መስሏት ነበር፤ እኔ ግን የታችኛውንም ልይ አልኳት።

"እማዬ፣ ራስሽ የተማርሽበትን ትተሽ ታች ልታስገቢያት? ሰው ምን ይላል?"

ሰው የሚለው አላሳሰበኝም። ያሳሰበኝ የልጅቷ ነገር ነው። ካልጠየቋት አትናገርም። የአጸደ ሕፃናት መምህሯ "ድምፅዋን አላውቀውም" ብላኛለች። እንዲህ ያለ ልጅ አስታዋሽ ካጣ ማንበብ ሳይችል አራተኛ ክፍል ይደርሳል። አይቻለሁ።

ምገባውም የደንብ ልብሱም በሁለቱም ዘንድ ያው ነው። ስለዚህ ደብተር ለማየት ወሰንኩ። ከግቢያችን ሁለት ሴት ልጆች አንዷ ላይ፣ አንዷ ታች ይማራሉ። የሒሳብ ደብተራቸውን እንዲያሳዩኝ ስጠይቃቸው ትልቋ "እማማ፣ ደግሞ ሱፐርቫይዘር ሆኑ እንዴ?" ብላ ሣቀችብኝ።

የላይኛው ደብተር ንጹሕ ነው፤ ገጹ ሁሉ በቀይ ራይት ተደርጎበታል። መነጽሬን አድርጌ ሳየው ግን ከሃምሳ ሁለት ላይ አሥራ ስምንት ተቀንሶ አርባ አራት ሆኗል። እሱም ራይት አለው። የታችኛው ደብተር ስርዝ ድልዝ የበዛበት ነው። ከአንዱ ስሕተት ሥር "እንደገና ሠርተሽ አሳዪኝ" ይላል፤ ቀጥሎ እንደገና ተሠርቷል።

በማግሥቱ ወደ ታች ወረድኩ። ጥበቃው ከወንበሩ ሳይነሣ፣ "እማማ፣ ለቀኑ ነው ለማታው የሚመዘገቡት?" አለኝ።

"ለቀኑ። ማታ ዓይኔ አያይልኝም" አልኩት። ሣቀና በሩን ከፈተልኝ።

አስመዘገብኳት። ልጄ ለጥቂት ቀናት ከሰላምታ ሌላ አላናገረችኝም።

ስሕተቴን ያወቅሁት መስከረም ላይ ነው። ያየሁት የሦስተኛ ክፍል ደብተር ነበር። ያቺ አራሚ መምህር ከተማሪዎቿ ጋር ወደ አራተኛ አልፋለች። አንደኛ ክፍልን የያዘችው ገና የተመደበች ወጣት ናት። በእኛ ጊዜ መምህር አንድ ክፍል ይዞ ያረጅ ስለነበር፣ አንደኛን ማን እንደሚይዝ መጠየቅ ትዝ አላለኝም። ለልጄ ነገርኳት።

"በይ እንግዲህ፣ የመረጥሽው አንቺ ነሽ" አለች።

ከዚያ በኋላ ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የምጠይቃት አንድ ነገር ነበር፤ መምህሯ ጠይቃት እንደሆነ። ሁለት ሳምንት ሙሉ 'አልጠየቀችኝም' በሚል ራሷን ነቀነቀች። በሦስተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ዕለት፣ "ጠየቀችኝ" አለች።

"ምን አልሽ?"

"ምንም።"

"እሷስ?"

"አጠገቤ ተቀመጠች። ልጆቹ 'እኔ! እኔ!' እያሉ ጮኹ። ዝም አስባለቻቸውና ጠበቀችኝ።"

"ከዚያስ? ተናገርሽ?"

"አዎ። ቀስ ብዬ።"

ልጄ ከሥራ ገብታ በሩ ላይ ጫማዋን እያወለቀች ትሰማ ነበር።

"ክፍላችሁ ውስጥ ስንት ናችሁ?" አለቻት። ስለ ትምህርት ቤቱ ስትጠይቅ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።