«ማሽኑ» ድስት ነበር

ዛሬ ደብረ ታቦር ገበያ አጠገብ፣ የአንድ ሱቅ መጋረጃ ገልጬ ሳይ «ማሽን» የተባለው ነገር ውኃ የሚፈላበት ድስት ሆኖ አገኘሁት።

አክስቴን ዘውዲቱን ብርድ ጉልበታቸውን ያሠቃያቸዋል። ባለሱቁ ፈሳሽ ያለበት የፕላስቲክ ከረጢት ሸጦላቸዋል። ውስጡ ያለችውን ትንሽ ብረት ሲጫኗት ፈሳሹ ነጭ ሆኖ ይጠጥርና ይሞቃል። «ሲበርድ በማሽን መሞላት አለበት» ስላላቸው በየሳምንቱ ከሚኖሩበት ከአንበሳሜ ደብረ ታቦር ይመላለሳሉ።

ዛሬ አብሬያቸው ሄድሁ። ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ዕቃው ሶዲየም አሲቴት የሚባል ጨው ነው፤ ከአቼቶና ከቤኪንግ ሶዳ ይሠራል። ሲጠጥር የያዘውን ሙቀት ይለቃል፤ ሲቀቀል ተመልሶ ይቀልጣል። መድኃኒት አይደለም፤ ማሞቅ ግን ያሞቃል።

«ማሽንህ ይሄ ነው?» አልሁት።

«ቤታቸው ቢቀቅሉት ያበላሹታል ብዬ ነው» አለኝ።

ያንገበገበኝ ይሄ ነው። ዕድሜ ልካቸውን ጠላ ሲጠምቁ የኖሩ ሴት ውኃ ማፍላት ያቅታቸዋል ማለት ነው?

ቤት ወስደን ከረጢቱን በጨርቅ ጠቅልለን ቀቀልነው። አንዲት የጨው ፍሬ ሳትቀር ሲቀልጥ አውጥተን አቀዘቀዝነው። ብረቷን ራሳቸው ተጫኗት፤ ሞቀ።

አክስቴ «መሸጡንስ ይሽጥ፤ በዚህ ጉልበቴ ስመላለስ እያየ ግን አላሳዘንሁትም?» አሉኝ።



እናንተስ ቤታችሁ ለሚሠራ ነገር በከንቱ የተመላለሳችሁበት ጊዜ አለ? እዚህ ጻፉት፤ ምናልባት አንድ እናት አንብበውት ከመንገድ ይተርፋሉ።