ከሴቪያ ደርሶ መልስ

ማቀድ በሽታዬ ነው። እንጀራዬም ይኸው ነው፤ ሜልበርን መሃል ካለ ቢሮ ተቀምጬ ለአረጋውያን መጦሪያ ሠራተኞች ሮስተር አወጣለሁ፤ ማን ቀን እንደሚገባ፣ ማን እንደሚያድር። ስለዚህ ታናሽ እህቴን ለማየት የስፔን ትኬት በቆረጥኩ ማግስት እቅድ ማውጣት ብጀምር የገረመው ሰው አልነበረም።

እህቴ ሴቪያ ውስጥ ተቀጥራ አንዲት አሮጊት እየጦረች እዚያው ቤታቸው ትኖራለች። ከአገር ስትወጣ ገና ልጅ እግር ነበረች፤ ከዚያ ወዲህ በስልክ ካልሆነ ተያይተን አናውቅም። እውነቱን ለመናገር፣ ያስፈራኝ መንገዱ አልነበረም። «ደህና ነሽ?» «እግዚአብሔር ይመስገን» ተባብለን ዝም የምንልበት ጊዜ እየበዛ መጥቶ ነበር። ተገናኝተንም የምናወራው ቢጠፋንስ? ቀኑን በጉዞ ከሞላሁት ዝምታው መግቢያ አያገኝም ብዬ አሰብኩ።

ጠዋት ጠዋት ከምኖርበት ከታርኔት ወደ ከተማ በሚገባው ባቡር ውስጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቆሜ፣ በስልኬ የስፔንን ባቡሮች አጠና ጀመር። የእህቴ የዕረፍት ቀን ሐሙስና እሑድ ነው፤ ለአሮጊቷ እራት መድረስ ስላለባት ውጭ ማደር አይታሰብም። ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ ብቻ። ኮርዶባ በፈጣኑ ባቡር ቅርብ ናት፤ ካዲዝ ባሕር አለ፤ ሄሬዝ ደግሞ ፈረሶች ሲጨፍሩ ያሳያሉ። ሁሉንም በየቀኑ ደለደልኩት። ባለቤቴ በትከሻዬ አጮልቆ አየና፣ «እህትሽን ልትጠይቂ ነው የምትሄጂው ወይስ ሺፍት ልትመድቢላት?» አለኝ። ቀልዱን ሰምቼ እንዳልሰማሁ አለፍኩት።

እኔ ማታ ከሥራ ወደ ቤት ስመለስ እሷ ጋ ረፋድ ነው። በቪዲዮ ደወልኩላት፤ ኩሽና ቆማ ድንች ትልጣለች። እቅዴን አነበብኩላት።

«እሺ እቴቴ፣ አንቺ እንዳልሽ» አለች።

በሳምንቱ ኮርዶባን በሄሬዝ ለወጥኩ። «እሱም ጥሩ ነው» አለች። እንደገና ኮርዶባን መለስኩ። «ደስ ይላል» አለች። እኛ ቤት ታናሽ በታላቅ ፊት «አልፈልግም» አይልም፤ እንዲህ ሆነን ነው ያደግነው፤ ታላቅም የታናሽን ዝምታ እንደ ይሁንታ ይወስደዋል። ይህ ልማድ አገር ቤት ሳለን ሸክም ሆኖብኝ አያውቅም። ያን ቀን ግን ንድድ አለኝ።

«እኔ አለቃሽ ነኝ እንዴ? አንቺስ የት መሄድ ትፈልጊያለሽ?»

ያን ቀንም ድንች እየላጠች ነበር፤ ቢላዋዋን አስቀመጠች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስክሪኑን ነካካሁ።

«አትቆጪኝም?»

«አልቆጣሽም።»

«ኮርዶባን አልፈልግም። ፈረሱንም አልፈልግም። መተኛት ነው የምፈልገው፣ እቴቴ። ሴትዮዋ ሌሊት ሌሊት ይጠሩኛል። ብተኛም አንድ ጆሮዬ አይተኛም። ባቡር ውስጥ ብተኛ፣ ቦርሳዬን አንቺ ይዘሽልኝ… ማንም ሳይጠራኝ።»

አለቀስኩ። ለሥራዬ ስንት የአዳር ፈረቃ መድቤአለሁ፤ ሌሊት የሠራ ሰው በማግስቱ እንዲያርፍ ስከራከር የምውል ሴት፣ ለገዛ እህቴ አንድ ሰዓት እንቅልፍ በእቅዴ ውስጥ አላስቀመጥኩላትም። ያስለቀሰኝ ግን እሱ ብቻ አይደለም። «አልፈልግም» አለችኝ። ከስንት ዓመት በኋላ እህቴን ያገኘኋት ያኔ መሰለኝ፤ ደስም አለኝ።

በማግስቱ ታርኔት ጣቢያ ቆሜ እቅዱን ገለበጥኩት። ፈጣኑን ባቡር ተውኩ። ቶሎ መድረስ ጥቅም መሆኑ ቀረና በየመንደሩ እየቆመ የሚንቀራፈፈውን ፈለግሁ፤ ወደ ካዲዝ የሚሄደውን አገኘሁ። ቦታ ቡክ አደረግሁ፤ እሷ መስኮት ስር፣ እኔ በመተላለፊያው በኩል፣ የሚያልፍ ሰው እንዳይነካት። ማታ ቤት ስገባ የእህቴን ነገር የነገርኩት ባለቤቴ ሻንጣዬ ላይ ለእሷ ጋቢ አጥፎ አስቀምጧል። በዚህ ጊዜ ምንም አልቀለደም።

ደወልኩላትና ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች።

«ጣቢያው ቢያልፈንስ?»

«አያልፈንም። ካዲዝ የመጨረሻው ነው፤ ከዚያ ወዲያ ባሕር ነው። እንደተኛሽ መልሼ ላመጣሽም እችላለሁ።»

ድንቹን አገላበጠች። ዘይቱ መጥበሻው ላይ ይንጨረጨራል።

«አይ» አለች። «ባሕሩ ሲታይ ቀስቅሺኝ።»

«እሺ» አልኳት፤ «አንቺ እንዳልሽ።»