ገና የቀደመባት ቀለሟ

ቀለሟ በነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ፣ የእንጨት ሥራ ቤት አላት። ጉቴ ላይ ፔንሲዮን ለሚከፍተው ለኦቦ ሌንጮ አልጋዎቹን በገና ዋዜማ፣ ታኅሣሥ 28፣ ልታስረክብ ተዋውላለች። የሥራውን ቀን ከበዓሉ ለይታ፣ ቫርኒሹ የሚደርቅበትን ሳይቀር ቆጥራለች። ከዘገየች ሌንጮ ትእዛዙን ለሌላ ይሰጣል።

በሃያ ሰባት፣ ቫርኒሹ ገና ተቀብቶ ሳያልቅ፣ አናጺው አምባዬ እጁን ታጠበ።

«ወዴት ነው?»

«ለዋዜማ ነዋ፣ አዴ ቀለሟ! አምና ጳጉሜ ስድስት ሆና የለ? ዘንድሮ ገና በሃያ ስምንት ነው የሚውለው።»

የቀለሟ ልብ ዲጋ ድረስ የሚሰማ ነጋሪት መታ። ወዲያው ደወለች።

«ኦቦ ሌንጮ፣ ገና ነገ ነው!»

ሌንጮ ጮኸ። «ዋቃዮ! እንግዶቼን በዋዜማው ኑ ብያቸዋለሁ፤ ማታ ሊደርሱ ነው! አሁኑኑ ጫኚ!»

«ቫርኒሹ እኮ አልደረቀም።»

«መሬት ላይ ከሚተኙ ይጣበቁ!»

አልጋዎቹ ከነእርጥበታቸው በአይሱዙ ሄዱ። በበዓሉ ጠዋት ስልኩ ሲጮህ ቀለሟ ለማንሳት ፈራች።

«እንኳን አደረሰሽ!» አለ ሌንጮ። «ሌላ አልጋ ጨምሪልኝ። የማታዎቹ እንግዶች ጋቢያቸው አልላቀቅ ብሎ መውጣት አልቻሉም፤ የዛሬዎቹ ደግሞ በር ላይ ቆመዋል።»