በ13 የተካፈለው ቁጥር

ሰርቪሳችን ከሳሪስ አቦ ተነስቶ ቂሊንጦ ፋብሪካ እስኪያደርሰን እኔና የሥራ ባልደረባዬ አንድ ጨዋታ ነበረን። መንገዱ ሲዘጋጋ፣ ከፊታችን በቆመው ኮንቴይነር ላይ ያለውን ባለስድስት አኃዝ ቁጥር እሷ ታነባለች፤ እኔ ያለ ቀሪ የሚያካፍለውን እፈልጋለሁ። ሳጥን ውስጥ ለብቻዋ የምትጻፈውን ሰባተኛዋን አኃዝ አንቆጥርም። ዩኒቨርሲቲ ያጠናሁት ሒሳብ ነው። እዚያ አውቶቡስ ውስጥ አፌን የምከፍተው ለዚህ ብቻ ነበር። "የኔ ፕሮፌሰር" ስትለኝ ቀኑን ሙሉ ደስ ይለኛል።

አንድ ጠዋት አዲስ የተቀጠረች ልጅ ከኋላችን ተቀመጠች። ትምህርቷን ከአሥረኛ ክፍል ያቋረጠች ናት፤ አባቷ ከስልጤ መጥተው ሳሪስ ሱቅ ከፍተዋል። ጓደኛዬ 416,429 ብላ አነበበች። በ3 ሞከርኩ፤ በ7፤ በ11።

"በ13 ይካፈላል" አለች ልጅቷ።

"ውይ! በምን አወቅሽ?" ጓደኛዬ ጀርባዋን ሰጥታኝ ዞረች።

"ከኋለኛው ሦስት የፊተኛውን ሦስት ቀንሺ። 429 ሲቀነስ 416፣ 13። የቀረው በ7፣ በ11 ወይ በ13 ከተካፈለ ትልቁም ይካፈላል። አባዬ ነው ያሳየኝ።"

በስልክ አካፈልነው። 32,033፣ ያለ ቀሪ።

"በይ እንግዲህ ፕሮፌሰር፣ ወንበርሽን ልቀቂ!" ብላ ጓደኛዬ ሳቀች። "ግን ሁሌ ይሠራል?"

ምክንያቱ ወዲያው ገብቶኝ ነበር። 7፣ 11 እና 13 ሲባዙ 1,001 ይሆናሉ። 416,429 ደግሞ 416 ጊዜ 1,001 ሲደመር 13 ነው። የ1,001 ብዜት በሦስቱም ስለሚካፈል ወሳኙ የተረፈው 13 ብቻ ነው፤ ሁሌም ይሠራል።

"አንዳንዴ ይገጥማል እንጂ ሕግ አይደለም" አልኩ፣ ለስለስ ባለ ድምፅ። ልጅቷ አቀረቀረች።

በሦስተኛው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ብቻዬን ስበላ ልጅቷ መጣች። በካርቶን ቁራጭ ላይ ቁጥሮች ደርድራለች።

"የማይሠራበትን አንድ ቁጥር ስጪኝ እስቲ። አባዬን ላሳየው ብዬ ስፈልግ አጣሁ።"

ካርቶኑን ከእጇ ተቀበልኩ።

"የለም" አልኳት። "ሁሌ ይሠራል። ያን ቀን ዋሽቼ ነው።"

ለምን ብላ አልጠየቀችኝም። 1,001ን ካርቶኑ ላይ ጽፌ ሳስረዳት "ለካ!" ብላ ወደ ጓደኛዬ ሮጠች።

በማግስቱ ሰርቪስ ስገባ ልጅቷ እኔ ቦታ ላይ ተቀምጣ ለጓደኛዬ እያስረዳቻት ነበር፤ ቃል በቃል እኔ እንዳልኳት።

"ነይ፣ ለሦስት እንጠጋጋ" አለችኝ ጓደኛዬ።

"ይመቸኛል" ብዬ ከሹፌሩ ኋላ ተቀመጥኩ። አልተመቸኝም።