የታካሚ ስም በተማሪ ካርድ ላይ

ኮምፒውተር ሳይንስ ተምሬ በተመረቅኩ በሁለተኛው ዓመት፣ ጎንደር ውስጥ ላለ አንድ የግል ክሊኒክ የታካሚዎች መመዝገቢያ ፕሮግራም ሠራሁ። ወሬው ከከተማው ወጣ ብላ ያለችው ጠዳ ደርሶ ኖሮ የአንድ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር አስጠሩኝ። ቄስ ትምህርት ቤት ያደጉ፣ የተሳሳተ ፊደል አይተው የማያልፉ ሰው ነበሩ። ለተማሪዎቻቸው ተመሳሳይ መመዝገቢያ ፈለጉ።

እኔም ከዜሮ ከምጀምር ብዬ የክሊኒኩን ፎልደር እንዳለ ገለበጥኩት። ከዚያ «ታካሚ» የሚለውን እየፈለግሁ «ተማሪ» ማድረግ ያዝኩ። ሁለት ሳምንት አንድ በአንድ ለቀምኩ። ያለቀ መሰለኝ።

ላሳያቸው የሄድኩ ዕለት መምህራኑ በሙሉ ተሰብስበው ጠበቁኝ። የመጀመሪያው ካርድ ከፕሪንተሩ ሲወጣ ርዕሰ መምህሩ መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው አነበቡት።

«የታካሚ ስም። ክፍል፣ ሰባተኛ። የመጣበት ሕመም…» ቀና ብለው አዩኝ። «ምነው ልጄ፣ ተማሪዎቼ መቼ ታመሙብኝ?»

መምህራኑ ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም። ካርዱን አጥፈው መለሱልኝ።

አዲስ አበባ ለሚሠራ የክፍል ጓደኛዬ ደውዬ የሆነውን ነገርኩት።

«አሁንም ፎልደር እየገለበጥሽ ነው?» አለኝ። «ለዚህ የተሠራ መሣሪያ አለ እኮ። የትዕዛዝ መስኮቱ ላይ አንድ መስመር ትጽፊያለሽ፤ ኮድሽን ካስቀመጥሽበት የኢንተርኔት ማከማቻ ንጹሕ ቅጂ አውርዶ የአዲሱን ሥራ ስም ይጠይቅሻል። የድሮውን በየቦታው ራሱ ይተካዋል።»

አንድ መስመር! ያቺን መስመር ለመጻፍ መጀመሪያ መሣሪያውን ማውረድ ነበረብኝ። ቤት ሞከርኩ፤ ሊያልቅ ሲል ኔትወርኩ ተቋረጠና ከመጀመሪያው ጀመረ። ፒያሳ ያለ ኢንተርኔት ቤት ሄድኩ። ባለቤቱ ጥቁሩን የትዕዛዝ መስኮት ሲያይ ከኋላዬ መጥቶ ቆመ።

«እሱን ዝጊልኝ እህቴ፣ ማሽኔን ታበላሺብኛለሽ።»

አስረዳሁት፤ አልሰማኝም። ከዚያ የከተማው ኢንተርኔት ጭራሽ ጠፋ፣ ለቀናት። ሲመለስ ቤቴ ሆኜ በአራተኛው ሙከራ ወረደልኝ።

መስመሯን ጻፍኩ። ስም ጠየቀኝ፣ ሰጠሁት። ፋይሎቹ በሰከንዶች ተደረደሩ። ደስ ብሎኝ ስከፍተው «የታካሚ ስም» ይላል። መልሼ ደወልኩ።

«ከየትኛው ኮድ ነው ያስጀመርሽው?»

«ከክሊኒኩ።»

«እና ምን ያድርግልሽ? የሚለወጠውን ቦታ አስቀድመሽ ምልክት ካላደረግሽበት የሰጠሽውን ነው የሚመልስልሽ።»

ስልኩን ዘግቼ አልጋ ላይ ተጋደምኩ። በመሣሪያው ተናደድኩ፣ በጓደኛዬ ተናደድኩ፤ ከሁሉ በላይ ግን በራሴ በሸቅኩ። ከዚያ ተነሥቼ የክሊኒኩን ኮድ መስመር በመስመር እያነበብኩ የሚለወጠውን ሁሉ ምልክት አደረግሁበት። አንድ ሳምንት ፈጀብኝ።

አዲሱን ይዤ ጠዳ ስደርስ መምህራኑ የዓመቱን መዝገብ በእጃቸው ጽፈው ጨርሰዋል። ርዕሰ መምህሩ ካርዱን ከላይ እስከ ታች አነበቡት።

«አሁን ሸጋ ነው» አሉኝ። «የዘንድሮው ግን ተጽፎ አልቋል። ሰዎቼን ሁለተኛ አላለፋም፤ ለከርሞ ነይ።»

ለከርሞ ስሄድ እሳቸው ጡረታ ወጥተዋል። የተተኩት ሰው ስለ እኔም ሆነ ስለ ፕሮግራሙ የሰሙት ነገር አልነበረም። ምልክት ያደረግሁበት ኮድ በመጨረሻ የሠራልኝ ሳንጃ ከተማ ለሚገኝ የሰሊጥ መጋዘን መመዝገቢያ ነው፤ እሱን በአንድ ጠዋት አስጀመርኩት።